በተዘጋ በር የተተኮሰ ጥይት፦ የኦካላው የጎረቤት ጠብ

[ምስል፦ የሣር ሜዳ፣ በፖሊስ የደረት ካሜራ የተቀረጸ]

ኦካላ፣ ፍሎሪዳ። ዝቅ ዝቅ ያሉ የኪራይ ቤቶች አሉ፣ አጠገባቸው ባዶ ሜዳ። የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት እዚህ ነው። ይሯሯጣሉ፣ ይጮሃሉ። ልጆች ናቸውና።

ጠቡ ሁሉ የተነሳው በዚህ ሜዳ ነው።

ሱዛን ሎሪንዝ የምትባል ነጭ ተከራይ ቤቷ ሜዳው አጠገብ ነበር። የልጆቹ ጩኸት ያበሳጫታል። ወደ አደጋ ጊዜ የፖሊስ ስልክ፣ ወደ 911 ትደውላለች። ፖሊስ ይመጣል፣ ልጆቹንና ወላጆቹን ያናግራል፣ ይሄዳል። ደግማ ትደውላለች። ከ2021 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ጀምሮ ፖሊስ በዚሁ ጠብ ስድስት ጊዜ ያህል ተመላልሷል። በ2025 በኔትፍሊክስ የቀረበው ዘጋቢ ፊልም በአብዛኛው የተሠራው በእነዚያ ምልልሶች ከተቀረጹ ምስሎች ነው።

ምስሎቹን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ፖሊሶቹ ከልጆቹ ጋር ሲያወሩ ደግ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ጥሪ ለየብቻው ይታያል፣ ለየብቻው ይዘጋል። ሴትዮዋ ልጆቹን በዘረኛ ቃላት ትሰድብ ነበር። ይህን ኋላ ለመርማሪዎች ራሷ አምናለች።

[ምስል፦ የብረት በር፣ ማታ]

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2023። ልጆቹና ሎሪንዝ እንደገና ተጋጩ። የመንሸራተቻ ጫማ ወረወረች፣ አንዱን ልጅ መታው። ልጆቹ ለእናታቸው ነገሩ።

እናትየዋ አጂኬ ኦወንስ ትባላለች። 35 ዓመቷ ነበር፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአራት ልጆች እናት። መንገዱን ተሻግራ ሄደችና በሩን ደበደበች። መሣሪያ አልያዘችም። የ10 ዓመት ልጇ አጠገቧ ቆሟል።

በሩ ተቆልፏል። ሎሪንዝ ቀድማ 911 ደውላለች፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ነው። ያን ጥሪ ካደረገች ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይታ በተዘጋው በር አንድ ጥይት ተኮሰች። አጂኬ ሞተች።

ሎሪንዝ የተያዘችው ወዲያው አይደለም። ከአራት ቀን በኋላ ነው። ለምን? እዚህ ላይ ቆም እንበል።

[ጽሑፍ በስክሪን ላይ፦ ስታንድ ዩር ግራውንድ፣ 2005]

ቀድሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ከቤቱ ውጭ ጥቃት የገጠመው ሰው፣ በሰላም ማምለጥ ከቻለ ማምለጥ ነበረበት። «ስታንድ ዩር ግራውንድ» (ካለህበት አትሽሽ እንደማለት ነው) የተባለው የ2005ቱ ሕግ ይህን ግዴታ አነሳ። ልገደል ወይም ክፉኛ ልጎዳ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሰው መተኮስ ይችላል፣ አይከሰስም። ሕጉ ፖሊስንም ይይዘዋል፤ ተኩሱ ሕገ ወጥ መሆኑን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ሳያገኝ ተኳሹን ማሰር አይችልም። በ2017 ደግሞ ተኩሱ ራስን ለመከላከል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ ወደ ዐቃቤ ሕግ ዞረ። የሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ፖሊስ አለቃ፣ መሥሪያ ቤትም ለመዘግየቱ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ሕግ ነበር።

ለዚያች ግዛት ጥቁር ቤተሰቦች ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ2012 እዚያው ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ውስጥ፣ የ17 ዓመቱ ትሬይቮን ማርቲን ሲገደል ተኳሹ እስኪታሰር ከስድስት ሳምንት በላይ ፈጅቷል። ኋላም በነጻ ተለቀቀ።

እኔ እንደማምነው ሕጉ የዘለለው አንድ ነገር አለ። ፍርሃት ከሰው ወደ ሰው ይለያያል። አንዲት እናት በር ስትደበድብ አንዱ የተናደደች ጎረቤት ያያል፣ ሌላው ገዳይ ያያል። የትኛውን እንደሚያይ ደግሞ የቆዳ ቀለም ይወስናል።

[ምስል፦ ፍርድ ቤት]

ሎሪንዝ ፈርቼ ነው አለች። በኦገስት 2024 ከሕዝብ የተመረጡት ስድስቱ ፈራጆች (ጁሪ)፣ ሁሉም ነጮች፣ ማንስሎተር በሚባለው ወንጀል ጥፋተኛ ብለዋታል። ይህ ሆን ብሎ ከመግደል ዝቅ የሚል ወንጀል ነው፤ የሟች ቤተሰብ ከበድ ያለ ክስ ነበር የፈለገው። ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት ይደርስ ነበር። በኖቬምበር ዳኛው 25 ዓመት ፈረዱባት፤ በሩ ተቆልፎ፣ ፖሊስም ተጠርቶ ሳለ ተኩሱ ከፍርሃት ይልቅ ከንዴት የመጣ ነው ብለው።