ቀይ ቀበሯችንን ማን ገደለው?

(በመካነ ሰላም፣ የውሻ ክትባት ከመጀመሩ በፊት በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ሼኾቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎችም፣ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም።

እዚህ ስላለው ብሔራዊ ፓርካችን ጠቅላላ ጥቅም እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። አዘጋጅቻለሁም፣ ወረቀቱ ይኸው። ግን እዚህ ድረስ ያመጣኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ሳልናገር ብወርድ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ ቀይ ቀበሮ ነው።

አብዛኞቻችሁ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። በጎች የጠበቅኩትም እዚያው ላይ ነው፣ ከአስታው ዛፍ በላይ፣ ጓሳ ሣር በሞላበት ሜዳ ላይ። ያኔ 10 ዓመቴ ነው። የጠዋቱን ውርጭ የማያውቀው የለም። ጫማ የለንም፤ በጎቹ ተኝተው የተነሱበት ቦታ ላይ ቆመን እግራችንን እናሞቅ ነበር። አንድ ጠዋት ስቆጥር አንድ ግልገል ጎደለ። ቀና ስል ቀይ ቀበሮ ቆሟል፣ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ጥቁር፣ ዝም ብሎ ያየኛል። አላመነታሁም፤ ወንጭፌን ፈትቼ ለቀቅኩበት። ዳሌውን መታሁት። ጮኸ፣ እያነከሰ ሄደ። እኔ ጀግና ሆኜ ቤት ገባሁ፤ አባቴም ጎሽ አለኝ።

ግልገሉ ማታ ተገኘ። ጅብራ ስር ተኝቶ፣ ምንም ሳይሆን።

በማግስቱ ቀበሮው እዚያው ሜዳ ላይ ነበር፣ እያነከሰ። ያን ቀን ድንጋይ አላነሳሁም፤ ቁጭ ብዬ አየሁት። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቆማል። ጆሮውን ወደፊት ያቀናል። አንዱን እግሩን አንስቶ ሳያሳርፍ ይቆያል፣ ነፋሱ ጓሳውን እያወዛወዘው እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ዘሎ አፍንጫውን አፈሩ ውስጥ ይቀብራል። ሁለቴ ሳተ፤ ዳሌው አልታዘዘውም። የመታሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ያዘ። በጎቼ አጠገቡ ይግጣሉ፣ ዞሮ እንኳ አላያቸውም።

ትልቅ ሆኜ ሳነብ ያ ልጅ ያየው ነገር እውነት መሆኑን አወቅኩ። በባሌ በተደረገው ጥናት ቀይ ቀበሮ ከሚበላው ከ90 በመቶ በላይ የአይጥና የፍልፈል ዘር ነው። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ሲያድን ከ3 ሙከራው 2ቱ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 አንዱ ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። የጭላዳውን ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል። ጭላዳውም አይሸሸውም። ገብሳችሁን የሚበላውን አይጥ የሚበላላችሁን እንስሳ ነው ሌባ ያልነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በድሮው ዘመን አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የጣለ ይፎከርለት ነበር። ዘራፍ ይባልለታል፣ ጠጉሩን ቅቤ ይቀባል። በሌላው ዓለም ዛሬም ድብ ገድሎ ቆዳውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሀብታም አለ። በእኛም አገር ፈቃድ ተከፍሎባቸው የሚታደኑ እንስሳት አሉ፣ ቀይ ቀበሮ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ታዲያ ማንም ለጌጥ ሳያድነው፣ ማንም ሳይፎክርበት፣ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የቀረው እንደኛ ባሉ ተራሮች ላይ ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ ሆኖ ተበታትኗል። ከአባይ ማዶ፣ ጮቄ ላይ ነበር፤ ጠፋ። ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይ ነበር፤ ጠፋ። ማን ገደለው?

ሁለት ገዳይ አለው፤ ሁለቱም ከቤታችን ነው የሚወጡት። አንዱ ማረሻችን ነው። ሁለተኛው ውሻችን ነው።

ስለ ውሻው ልናገር፣ ምክንያቱም እሱ ነው ውስጤን የሚበላኝ።

ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዘሩ ለተኩላና ለውሻ የቀረበ ነው። ስለዚህ ውሻን የያዘ በሽታ እሱንም ይይዘዋል። እኛ ቤት አንድ ውሻ ነበረን፤ ከበጎቹ ጋር ውሎ ከበጎቹ ጋር ይገባል። አንድ ሰሞን ምግብ እምቢ አለ። ከዚያ ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ሦስተኛው ቀን ላይ ላሟን ነከሰ፣ የአጎቴን ልጅ እጁን ነከሰው። ልጁን በበቅሎ ጭነን ግማሽ ቀን ተጉዘን ጤና ጣቢያ ደረስን። መድኃኒቱ የለም አሉን። ሌላ ቦታ ሄድን፤ እዚያም የለም። በመጨረሻ ደሴ ተገኘለት፣ አላህ ይመስገን፣ ተረፈ። ላሟ ሞተች። ውሻውን አባቴ ገደለው።

ውሻው በታመመባቸው ቀናት የት የት እንደዋለ ግን ማንም አልጠየቀም። በዚያው ወር ጓሳው ላይ ሦስት ቀይ ቀበሮዎች ሞተው አገኘን። አንዷ ጡቷ ወተት ነበረው። ጉድጓዷን ፈለግነው፣ አጣነው። ልጆቿ አፈር ውስጥ ሆነው እየጠበቋት እንደነበር ሳስብ፣ ይኸው 30 ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ባሌም እንዲሁ ነው የሆነው። በ2003 በፈረንጆች አቆጣጠር የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ገብቶ ከ4 ቀበሮ 3ቱን ጨረሰ። የባሌዎቹ ብዙ ስለሆኑ አገገሙ። የእኛዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። አንድ ያበደ ውሻ አንድ ሳምንት ከዋለባቸው አለቀ። የጮቄው አይነት ይሆናል።

እና ለዓመታት ስንለምን የነበረው ምንድን ነው? የውሻ ክትባት! መንገድ አይደለም፣ ድልድይ አይደለም። በየስብሰባው ተነስተን ተናገርን። ይመዘገባል ተባልን። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። በዓመቱ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ እንደ አዲስ ጠየቀን፣ እኛም ያንኑ እንደ አዲስ መለስን። ተነክሶ የሚሞተው ልጅ የማን ልጅ ነው? የእረኛ ልጅ ነው! የከተማ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል እንጠብቅ ነበር? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ከ10 ውሻ 7ቱ ከተከተበ ግን ስርጭቱ ይቆማል፤ ይሄን የዓለም ጤና ድርጅት ነው የሚለው። ልጃችንንም፣ ላማችንንም፣ ቀበሯችንንም የሚያድነው አንድ መርፌ ነው።

እኛም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ውሻ እናሳድጋለን ግን አናበላም። ሌሊት ራስህን ቻል ብለን እንለቀዋለን። ጥንብ ፍለጋ ጓሳው ድረስ ይወጣል። ይሄን ማንም መንግሥት አላደረገብንም።

ስለ ማረሻው ባጭሩ። ገብሱ በየዓመቱ አንድ እርምጃ ሽቅብ ይወጣል። መሬት ያነሰው ወጣት ይረስ እንጂ ምን ያድርግ፣ አልፈርድበትም። ግን ጓሳው ሲታረስ አይጡ ይሄዳል፣ ቀበሮውም ይከተላል፣ አፈሩም በክረምት ታጥቦ አባይ ይገባል። ከጓሳው በላይ ደግሞ ቦታ የለም፤ ከጫፉ በላይ ሰማይ ነው። መንዞች አባ ቄራ በሚሉት አለቃ እየተመሩ ጓሳቸውን ለዘመናት በራሳቸው ደንብ ጠብቀዋል፤ ሳር የሚታጨድበትን ጊዜ ራሳቸው ይከፍቱ፣ ራሳቸው ይዘጉ ነበር። ወሎ ዱአውን፣ ቡናውን፣ ሽምግልናውን ይዞ ይሄ አይከብደውም። ለዝርዝሩ ሽማግሌዎቻችን ይቀመጡበት።

ስለ ቱሪስት የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ። እሱን ልለፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ክትባቱ ይጀመራል። መድኃኒቱ ገብቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በረዶ ውስጥ ነው ያለው። ነፃ ነው። ውሻ ያለው ሁሉ ገመድ ይዞ ይምጣ፤ ገመድ ከሌለው ነጠላ ቀዶ ይሰር። ልጆች ብቻችሁን እንዳትጎትቱት፣ ትልቅ ሰው ይያዘው። ቡችላም ይምጣ። ባለቤት የሌለውን ውሻ የምታውቁ ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፣ ስሙን ሳይሆን የሚያድርበትን ቦታ ይመዘግባሉ። እኔ የእናቴን ሁለቱን ውሾች ይዤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ክትባቱ ቦታ ላይ ነኝ።