ጣሪያ ላይ ከመወርወራችሁ በፊት ቁጠሩት

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ግማሾቻችሁ መርካቶ መሄድ እንደነበረባችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው እዚሁ ፒያሳ ነው። ዛሬ በከረሜላ አልቆጣችሁም። የማወራው ከአፈጣጠሩ ለየት ብሎ ስለሚወጣ የልጅ ጥርስ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ከታች የፊት ጥርሶቹ አንዱ ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር አለው። ሁለት ሰው አንድ ጋቢ የለበሰ ይመስላል። ገና ሳትቀመጥ "ዶክተር፣ እርጉዝ ሆኜ ምን በልቼ ይሆን?" አለችኝ። ምንም አልበላሽም፣ አልኳት። ከዚያ ቆጠርን። የወተት ጥርስ ከላይ 10፣ ከታች 10፣ በድምሩ 20 ነው። ሰፊውን እንደ አንድ ቆጥራችሁ ከታች 9 ከመጣ፣ ሁለት ጥርሶች ገና ድድ ውስጥ ሳሉ ተጣብቀዋል ማለት ነው። 10 ከሞላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱ ጥርስ ለሁለት ሊከፈል ጀምሮ መንገድ ላይ ቀርቷል። የዚያ ልጅ 9 ነበር። አልነቀልነውም። መስመሯ ውስጥ ምግብ ስለሚደበቅ በደንብ ቦርሹለት አልን፤ ስድስት ዓመት ሲጠጋ ራጅ እናነሳዋለን፣ ምክንያቱም የወተቱ ጥርስ ሲጣበቅ በቦታው መምጣት ያለበት ቋሚ ጥርስ አንዳንዴ ጭራሽ አይኖርም።

እና የወለቀውን ጥርስ ልጁ ጣሪያ ላይ ከመወርወሩ በፊት አንዴ እዩት፣ ቁጠሩት።

ፍንጭት እንወዳለን አይደል? እኔም እወዳለሁ፣ ባለቤቴም ፍንጭት ናት፣ ስለዚህ እንዳትጣሉኝ። ግን አንዳንዴ በሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶች መሃል፣ አጥንት ውስጥ፣ እንደ እርሳስ ጫፍ የሾለች ትርፍ ጥርስ ተደብቃ ትቀመጣለች። እሷ ናት የምትገፋቸው፣ ወይም አንዱን እንዳይወጣ የምትዘጋው። አንደኛው የፊት ቋሚ ጥርስ ወጥቶ ጓደኛው ስድስት ወር ሙሉ ከቀረ፣ "ይመጣል" ብላችሁ አትጠብቁ። ራጅ ይነሳ።

ደግሞ ጥርሱ ጥቂትና ሹል የሆነ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ሲሞቀው የማያልበው ልጅ ካለ ለጥርስ ሐኪም ብቻ አትተዉት። የሕፃናት ሐኪምም ይየው፤ ሰውነቱ ሙቀት ማውጣት ስለማይችል ትኩሳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አንዲት አያት ከተወለደ 12 ቀን የሆነው ሕፃን ታቅፈው መጡ፤ ታች ድዱ ላይ ጥርስ አለ። "ልጄ፣ ጎረቤት ሳያይ ንቀልልን" አሉኝ። እማማ፣ አልኳቸው፣ ይሄ ብዙውን ጊዜ ትርፍ ጥርስ አይደለም፣ የራሱ የወተት ጥርስ ነው፣ ቸኩሎ ነው እንጂ። ከነቀልነው እስከ ስድስት ሰባት ዓመቱ ቦታው ባዶ ነው። በጣም ከተነቃነቀና ወደ ሳንባው ይገባል ብለን ከፈራን፣ ወይም ምላሱን ካቆሰለው ያኔ እንነጋገራለን። ተስማሙ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው "ግጉንስ የት ነው የማስወጣለት?" አሉኝ።

ግግ! አዲስ አበባ መሃል፣ ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስበት ቦታ። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱን ፈልፍለው "ትል" ያወጡለታል። እስቲ ልንገራችሁ፣ ያ ትል አይደለም። ያ ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ጥርስ ነው፣ ለዚህ ነው ነጭና ለስላሳ የሆነው። መሣሪያው ንጹሕ አይደለም፣ ልጁ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ የሞተም አለ። የተረፈው ልጅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ እኔ ጋ ይመጣል፤ ክራንቻው የለም፣ ወይም ቋሚው የተቦረቦረና የተጣመመ ሆኖ ወጥቷል፣ ምክንያቱም የቋሚው ፍሬ እዚያው አጠገብ ነው ያለው። ከተፈጥሮ የመጣ ጉድለት መስሏቸው "ለምን እንዲህ ሆነ?" ይሉኛል። በተቅማጥ የተያዘ ልጅ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

ሌላውን ስወቅስ የራሴን አልደብቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጁን አመጣ። ጥርሶቿ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄዱ፣ ሲነኩ ሸካራ። አፏን እንደከፈተች "ከወንጂ ናችሁ?" አልኩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወንጂ፣ መተሐራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ እንደሚበልዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካርዱ ላይ "ፍሎራይድ" ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው። በወሩ ተመለሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ታለቅሳለች፣ መንጋጋዋም እየተሸራረፈ ነው። ያኔ ነው መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት። ጉለሌ ተወልዳ ጉለሌ ያደገች ልጅ ናት። የወተት ጥርሶቿም እንዲሁ ነበሩ። አባትየው ደግሞ ሲያወራ አፉን በእጁ ይከድናል።

"እስቲ ያንተንም ልየው" አልኩት። ያው ነው።

የጥርሱ የላይኛው ሽፋን በትክክል ሳይሠራ የሚቀርበት፣ በዘር የሚመጣ ችግር ነው፤ አሜሎጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ይባላል፣ ስሙን መያዝ አይጠበቅባችሁም። "ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዬ ጥርስህን አትታጠብም እያለ ያስወጣኝ ነበር" አለኝ አባትየው። "መፋቂያ እየገዛሁ ድዴ እስኪደማ እፍቅ ነበር።" ልጅቷ ሰምታው አታውቅም ነበር መሰለኝ፣ ዞር ብላ አየችው። መንጋጋዎቿን በብረት ቆብ ሸፈንን፣ የፊቶቹን በጥርስ መልክ ሞላን። ካርዱንም አስተካከልኩ።

በሉ፣ ቡናው እስኪደርስ ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጥግ ኑ። የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። ዛሬ አልነቅልም፣ እቆጥራለሁ ብቻ።