አፈር አደራ አይበላም ብዬ ነበር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ከጭስና ከማዳበሪያ ተነስቶ ከሰማይ የሚወርድ ናይትሮጂን አፈር ውስጥ የተኛውን ዘር ምን እንደሚያደርገው ነው። በቅርቡ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከቁጥቋጦ ሥር ጥቂት እፍኝ አፈር ዘገንኩና ትሪ ላይ ስስ አድርጌ ዘረጋሁት። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ውሃ አጠጣው ጀመር። ተመራማሪዎችም አፈር ውስጥ የተቀመጠውን ዘር ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ዘሩን አንድ በአንድ ከመልቀም አብቅሎ መቁጠር ይቀላላ። እኔ የጠበቅኩት የቁጥቋጦ ቡቃያና የዱር አበባ ነበር። የወጣው ግን ሣር ነው። ሣር፣ ሣር፣ አሁንም ሣር።

የአንድ ትሪ አፈር ማስረጃ አይሆንም፣ እሺ። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አፈር አደራ አይበላም ብዬ የማምን ሰው ነኛ! ላይ ያለው ቢቃጠል፣ ቢቆረጥ፣ ድርቅ ቢመታው፣ ዘሩ እታች ተኝቶ ቀኑን ይጠብቃል። ዊልያም ቢል የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1879 ሚሺጋን ውስጥ ዘር የያዙ 20 ጠርሙሶች ቀበረ። በ2021 አንዱ ተቆፍሮ ወጣና ውስጡ ካለው ዘር ጥቂቱ ከ142 ዓመት ገደማ በኋላ በቀለ። ይህን የሰማ ሰው አፈርን እንዴት አያምን?

ታዲያ ናይትሮጂን እዚህ ምን አገባው? አየራችን 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው፣ ግን እሱን ዕፅዋት እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ነገር የሚያመጣው ከመኪና ጭስ፣ ነዳጅ ከሚያቃጥል ኃይል ማመንጫ፣ ከማዳበሪያና ከከብት እበት የሚነሳው ነው። በነፋስ ተጉዞ፣ ከዝናብም ከአቧራም ጋር ወርዶ፣ ማንም ማዳበሪያ ያልጠየቀበት ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል። በዓመት በሄክታር 10 ኪሎ ገደማ ለእርሻ ምንም ማለት አይደለም። በደሃ አፈር መኖር ለለመደ ቁጥቋጦ ግን ሚዛኑን ለማዛባት ይበቃል።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ናይትሬት፣ ማለትም ዕፅዋት ከአፈር የሚመገቡት የናይትሮጂን ዓይነት፣ ለብዙ ዘሮች መቀስቀሻ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ እምቢ ያለን ዘር ለማብቀል ፖታሲየም ናይትሬት ይጨመርበታል። ለዘሩ ናይትሬት ማለት «ላይ ቦታ ተለቋል፣ ምግቡን የሚሻማሽ የለም፣ ውጪ» እንደማለት ነው። ከሰማይ በየጊዜው ሲወርድበትስ? ቦታ ሳይለቀቅ ጥሪው ሊመጣ ይችላል፣ የወጣችው ቡቃያ ጥላ ውስጥ ትሞታለች፣ አፈሩ ውስጥ ያለው የዘር ክምችትም ሳይተካ ሊጎድል ይችላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በአብዛኛው እሳት ካለፈ በኋላ የምትበቅል አበባ አለች። የሚቀሰቅሳት ጭሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ መሆኑ በ1997 ታይቷል። ከመኪና ጭስ የሚወጣውም ይኸው ጋዝ ነው! የመኪና ጭስ ሜዳ ላይ ያለችውን ይቀሰቅሳታል እያልኩ አይደለም፣ መገጣጠሙ ግን ትንሽ ያስደነግጣል።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው በሣሩ በኩል ነው። ከአንድ ዓመት የማይዘልቁ ሣሮች ናይትሮጂን ሲያገኙ ይፈነጥዛሉ። ቶሎ ያድጋሉ፣ ያጠላሉ፣ ዘራቸውን እንደጉድ ያራግፋሉ። ሲደርቁ ደግሞ እሳት ያቀጣጥላሉ፣ እሳቱም ቁጥቋጦው አድጎ ዘር ሳያፈራ ተመልሶ ይመጣል። በደቡብ ካሊፎርኒያ የባህር ዳርቻ ቁጥቋጦዎች ከሌላ አገር በመጡ ሣሮች የተዋጡት በአብዛኛው እንዲህ ነው። እታችም የሚጠራቀመው የእነሱ ዘር ይሆናል።

ለዚህ ነው «ጭሱ ከቀነሰ ሁሉም ይመለሳል» ሲሉኝ የማይዋጥልኝ። አየሩ ቢጠራም አፈሩ ውስጥ ያለው የሣር ዘር አብሮ አይጠራም። ቁጥቋጦ መልሰው የሚያለሙ ሰዎችም ከናይትሮጂን ይልቅ የሚታገሉት ከዚህ ዘር ጋር ነው። ሣሩን አንድ ዓመት ነቅለው በሚቀጥለው ደግሞ ያው ሣር ነው፣ የቁጥቋጦውን ዘር ደግሞ ከሌላ ቦታ አምጥተው መዝራት አለባቸው። አፈሩ አደራ በላ እንዳልል፣ የተሰጠውን ነው የመለሰው፣ የሰጠነው ተቀይሮ ነው እንጂ።

ትሪው አሁንም መስኮቱ ጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ሣሩ ዘር ሊይዝ ነው፣ እዚያው ሳያራግፈው ማታ እነቅለዋለሁ።