ኮም ቩ ቩሌ፣ ማዳም

ሰላም ሰላም። ዛሬ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ነበር ላወራ ያሰብኩት። ግን ይቺ ነገር አልለቅ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሆናት።

የሦስተኛ ፎቁን ማዳም ታውቋቸዋላችሁ፤ እዚህ ፈረንሳይ፣ ሊዮን፣ የምኖርበት ሕንጻ ላይ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴ። ሊፍቱ? አልተሠራም፣ አትጠይቁኝ። እንደተለመደው የገበያ ዘንቢላቸውን ይዤላቸው ወጣን። በራቸው ጋ ስንደርስ ቁልፉን አወጡ፤ ግን አልከፈቱም። ዞር ብለው «ኦን ስ ቱትዋ?» አሉኝ። «ቩ» የሚባለውን አንቱታ እንተወውና «ቱ»፣ አንተ አንቺ፣ እንባባል ማለታቸው ነው።

እኔ ምን አልኩ? «ቢያን ሲዩር፣ ማዳም። ኮም ቩ ቩሌ።» እሺ፣ እንደፈለጉ! አንቱታው ይቅር ሲሉኝ በአንቱታ እሺ አልኩ።

ፈገግ አሉ። ከዚያ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበሉኝ። ሌላ ጊዜ እኮ በሩን ክፍት ትተው ነው የሚገቡት፤ እኔ ኩሽና ድረስ አደርሳለሁ። የዚያን ቀን «ቦን ስዋሬ»፣ መልካም ምሽት፣ ብለው ገቡ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቀጭ።

እኚህ ሰው ናቸው እኮ ሁሉን ያስተማሩኝ። ሊዮን በመጣሁ ሰሞን ፋርማሲ ገብቼ «ኤክስኩዜ ሙዋ፣ የራስ ምታት መድኃኒት» ስል ሴትየዋ «ቦንዡር» ብላ ዝም፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። ጥያቄዬን ደገምኩ። እሷም «ቦንዡር» ብላ ደገመች። ደሜ ፈላ። ቀለሜን አይታ ነው ብዬ ስብሰከሰክ ማዳም ናቸው «መጀመሪያ ቦንዡር፣ ከዚያ ጉዳይ» ያሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒስ ከተማ ያለ አንድ ካፌ የለጠፈውንም ዋጋ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «አንድ ቡና» ላለ 7 ዩሮ፣ «እባክዎ» ለጨመረ 4.25፣ ቦንዡር ብሎ ለጀመረ 1.40። ለፈገግታ የተለጠፈ ነው፤ ግን እውነት አለው። እኛስ ብንሆን ቤት ገብቶ «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል ጉዳዩን የሚጀምር ሰው ደስ ይለናል?

ደግሞ ኬኩ። ቤታቸው ሄጄ «ትንሽ ልጨምር?» ሲሉ «ሜርሲ» አልኩ። አመሰግናለሁ፣ ይጨመርልኝ ማለቴ ነበር። ኬኩን አነሱት! ለካ ምግብ ሲቀርብልህ ባዶ «ሜርሲ» በቃኝ ማለት ነው። እሺ ለማለት «ቮሎንቲዬ» ነው። እዚህ «በሞቴ» የለም። አንዴ እምቢ ካልክ እምቢ ነው፤ ማንም አይለምንህም።

እና... የእኔን «ቩ»ም እንደዚያ «ሜርሲ» ሰምተውት ይሆን? አንዴ ጠየቁ፣ መልሱን አገኙ፣ አበቃ?

እኔ ግን እምቢ አላልኩም። አፌ ነው እምቢ ያለኝ። የአያቴን ዕድሜ የሚሆኑ ሰው እንዴት ነው «ቱ» የምላቸው? አያችሁ፣ አሁንም «እሳቸው» ነው የምለው። «እሷ» ብዬ ላውራ... አይ። አይሆንልኝም።

ግን ደግሞ እናቴን «አንቺ» ነው የምላት። ማንን ከእሷ በላይ አከብራለሁ? እግዜርንስ «ስምህ ይቀደስ» አይደል የምንለው? የፈረንሳይ ካቶሊኮች አባታችን ሆይ ሲሉ እግዜርን «ቩ» ይሉት ነበር፤ «ቱ» ማለት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እነሱም ጊዜ ወስዶባቸዋል ማለት ነው። እንጃ። ይሄ ምን እንደሚያጽናናኝ አላውቅም።

ትናንት ሲወርዱ ሰማሁ። የከዘራቸውን ድምፅ አውቀዋለሁ። በሬን ከፈትኩ።

«ቦንዡር።»

«ቦንዡር» አሉ።

«ሳ ቫ?» አልኩ፤ እንዴት ነው እንደማለት። ሆን ብዬ ነው። «ሳ ቫ» አንቱም አንተም የለውም። ከዚያ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። መልሰው ሲጠይቁኝ በ«ቱ» «ኤ ትዋ?» ይሉኝ ይሆን ወይስ በ«ቩ» «ኤ ቩ?»

«ሳ ቫ፣ ሳ ቫ» ብለው ወረዱ። ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘዋል። ምን ያህል ደረጃ እንዳለው ታውቃላችሁ። ሲመለሱ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማን እንደያዘላቸው...

ቅዳሜም ገበያ አለ። እስኪ በሬን ትንሽ ከፈት አድርጌ...