የቱና ሰላጣና የጨው ነገር

ሄለን፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ርዕሳችን የቱና ሰላጣ ጨው እንዳይበዛበት ምን ይደረግ የሚል ነው፤ ዳዊት ግን ገና ሳንጀምር ድንች ይጨመርበት እያለ ነው።

ዳዊት፦ እናቴ ወጥ ጨው ሲበዛበት ድንች ትጨምርበት ነበር፤ ለወጥ የሠራው ለሰላጣ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሄለን፦ ድንቹ ጨዉን አያጠፋውም፤ ምግቡ ስለሚበዛ ያው ጨው ለብዙ ጉርሻ ይዳረሳል እንጂ። ደግሞስ ቱና ላይ ጨው የሚበዛው እኛ እጃችንን ሳናስገባ ነው፤ ዓሣው ሲታሸግ ጨው ይገባበታል፣ ማዮኔዙና ሰናፍጩ ጨው አላቸው፣ የወይራው ፍሬ ጨው ውኃ ውስጥ የከረመ ነው፣ ሰላጣው የሚበላበት ዳቦም ጨው አያጣም።

ዳዊት፦ እንግዲያው ማዮኔዙ ይቅር ነው የምትዪኝ?

ሄለን፦ አክስቴ ቤት ከቀረ ቆይቷል። እሳቸው በጾም ዓሣ ይበላል ከሚሉት ወገን ናቸው፤ ማዮኔዝ ግን እንቁላል ስላለበት በጾም ወቅት ደጃቸውም አይደርስም። ስለዚህ ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀው ይከትፉና፣ የቃሪያውን ፍሬ አራግፈው፣ ቱናውን በሎሚና በዘይት ያሹታል። ሎሚና ዘይት ጨው የላቸውምና፣ የጾሙ ሰላጣ ሳይታሰብ ጨው የቀነሰ ሆኖ ይገኛል።

ዳዊት፦ ሰላጣውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ዓሣ በጾም አይበላም።

ሄለን፦ የአክስቴ ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ይላሉ፤ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ይጀምሩትና ፋሲካ ደርሶ ዶሮው ሲቀርብ ያኔ ዝም ይባባላሉ።

ዳዊት፦ እኔ ከወንድማቸው ጋር ነኝ።

ሄለን፦ ይሁን፣ ለአክስቴ አልነግርብህም። ወደ ጣሳው ስንመለስ፣ ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በዘይት የታሸገውን ዘይቱን ብታፈስሰውም ጨዉ ዓሣው ውስጥ ይቀራል። በጨው ውኃ የታሸገው ግን ውኃው ሲፈስ ከፊሉን ጨው ይዞ ይሄዳል፤ ወንፊት ላይ አድርገህ በቀዝቃዛ ውኃ ስታለቀልቀው ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል።

ዳዊት፦ ካለቀለቅሽው ጣዕሙስ? እርጥብ ጥጥ ነው የሚሆነው።

ሄለን፦ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርገህ ውኃውን ካወጣህለት አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ጣሳው ላይ ሶዲየም 400 ሚሊግራም የሚል ብታይ እሱ ብቻ 1 ግራም ያህል ጨው ነው።

ዳዊት፦ እኔ አፈስሰዋለሁ እንጂ አላለቀልቀውም።

ሄለን፦ እሺ፣ ግማሽ መንገድ መጥተሃል። ብቻ እንደቀላቀልክ ቀምሰህ ጨው አንሶታል አትበል። መጀመሪያ ጨዉ ያለው ዓሣው ላይ ነው፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይና ያኔ ቅመሰው።

ዳዊት፦ ግማሽ ሰዓት? እስከዚያ እኮ ዳቦውን ባዶውን በልቼ እጨርሰዋለሁ።