ዝም ያለው ሰው ሐሳብ አጥቶ አይደለም

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ መምህራንና ወላጆች፣

በስብሰባ ዝም የሚለውን ሰው «ኩራተኛ»፣ ቶሎ የሚናገረውን ደግሞ «ለፍላፊ» ማለት ይቀናናል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ሁለቱም ስሞች ሰውን ይበድላሉ ብዬ ስለማምን ነው።

ኢንትሮቨርት (ወደ ውስጥ ዓለሙ የሚያዘነብል) እና ኤክስትሮቨርት (ወደ ውጭው ዓለም የሚያዘነብል) የሚሉትን ቃላት በሰፊው ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራው የሰው የውስጥ ጉልበት ወደ ራሱ ዓለም ወይስ ወደ ውጭው ያዘነብላል የሚለውን መለያ አድርጎ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ባሕርዩን እንደ አንድ መስመር ቆጥረው ሲለኩት፣ አብዛኞቻችን የምንገኘው ከሁለቱ ጫፎች ርቀን መሃል አካባቢ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃንስ አይዘንክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልዩነቱን በአእምሮ የንቃት መጠን ለማስረዳት ሞከረ፤ እንደ እርሱ አስተሳሰብ ኢንትሮቨርት በተፈጥሮው ይበልጥ የነቃ በመሆኑ ጫጫታ ቶሎ ይበዛበታል፣ ኤክስትሮቨርት ግን ለመነቃቃት ከውጭ የሚመጣ ነገር ይሻል። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ራስል ጊን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎች እየተማሩ የሚሰሙትን የድምፅ መጠን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲደረግ፣ ኤክስትሮቨርቶቹ ከፍ ያለውን መረጡ፤ ሁለቱም ወገኖች በየምርጫቸው ሲሠሩ ጥሩ ውጤት አገኙ፣ አንዱ በሌላው የድምፅ መጠን እንዲሠራ ሲደረግ ግን ውጤቱ ቀነሰ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር፣ በማይስማማው ሁካታ ወይም በማይስማማው ጸጥታ ውስጥ ተቀምጦ «ሰነፍ» የተባለው ተማሪ ስንት እንደሆነ እያሰብኩ አዝናለሁ።

ዓይናፋርነት ሌላ ጉዳይ ነው። ዓይናፋር ሰው መቅረብ እየፈለገ «ምን ይሉኛል» ብሎ ይፈራል፤ ኢንትሮቨርት ግን ሳይፈራም ብቻውን መሆንን ሊመርጥ ይችላል፣ ከሰው ጋር ደስ ብሎት ከዋለ በኋላም ለብቻው ማረፍ ሊያስፈልገው ይችላል።

ስለዚህ ስብሰባ የምትመሩ ሁሉ አጀንዳውን አስቀድማችሁ እንድትልኩ፣ ጥያቄ ካቀረባችሁ በኋላም ሰው ሁሉ ሐሳቡን በወረቀት የሚያሰፍርበት ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ደቂቃ እጁን ያላወጣው ሰው ገና እያሰላሰለ ሊሆን ይችላል። ለኤክስትሮቨርቱም እንዲሁ እንዘንለት። ቀኑን ሙሉ በዝግ ክፍል ብቻውን አናስቀምጠው፤ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ የሚጠራለት እየተናገረ ነውና፣ የመጀመሪያ ቃሉን እንደ መጨረሻ አቋሙ አንያዝበት።