በዓይን ጥገቡ፣ እጅ ይሰብሰብ፦ ስለ እንስሳት ልጆች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ቡችላና ስለ ሌሎች ትንንሽ እንስሳት በስልክ ለገቡ ጥያቄዎች የእንስሳት ሐኪማችን የሰጡት መልስ ነው።

ቡችላ ወይም የድመት ልጅ ሳይ ሆዴ የሚባባው ለምንድን ነው?

ይሄ ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም። ነገሩ የሚጀምረው ከራሳችን ልጆች ነው። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1943 እ.ኤ.አ. የሚያሳሳንን የሕፃን መልክ ዘርዝሮታል፦ ከሰውነቱ የሚተልቅ ጭንቅላት፣ ወጣ ያለ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ ድቡልቡል ጉንጭ፣ አጫጭር እጅና እግር። የሰው ሕፃን ራሱን እስኪችል ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን መልክ አይቶ የማይሳሳ ወላጅ ልጁን ለማሳደግ ትዕግሥቱ አይኖረውም ነበር። አንጎላችን ግን መልኩን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይመረምርም። ቡችላውም ያንኑ መልክ ይዞ ሲመጣ ያው አንጀታችን ይላወሳል። እናም በዓይን ጥገቡ፣ እጅ ይሰብሰብ።

ሲያሳሳኝ ጥርሴን ነክሼ ጭምቅ ላድርገው፣ ልብላው ይለኛል። ጤነኛ ነኝ?

ጤነኛ ነሽ። ስሜት ከመጠን ሲያልፍ ተቃራኒው ብቅ ይላል፤ ሰው በደስታ እንደሚያለቅሰው ማለት ነው። ትራስ ጭመቂ። የድመት ልጅ የጎን አጥንት ገና ለጋ ነው።

የእባብ ልጅስ ለምን አያሳሳም?

ሲፈለፈል ጀምሮ ራሱን የቻለ ነው፤ ማባበል አያስፈልገውም። መርዛም ዝርያ ከሆነ መርዙም አብሮት ይወለዳል። እዚህስ ላይ እጅ ሰብስቡ ማለት የለብኝም መሰለኝ።

የጎረቤት ቡችላ ልጄን ሲያጫውተው እጁን ነከስ አደረገው። ደሙ ወዲያው ቆሟል። ቡችላ ምን ያመጣል ብዬ ልተወው?

እህቴ፣ ሬዲዮውን ዝጊና ተነሺ። የምሬን ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። ለቅለቅ አድርጎ መተው አይቆጠርም፣ ሰዓት እያየሽ። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ተቋም። ነገ አላልኩም።

ይሄ «ቡችላ ምን ያመጣል» የሚሉት ነገር ስንቱን ልጅ በላ! የእብድ ውሻ በሽታ ዕድሜ አይጠይቅም። ቫይረሱ ያለው ምራቅ ውስጥ ነው፤ የቡችላም ምራቅ ምራቅ ነው። ደግሞ ውሻው ምልክት ሳያሳይ፣ ጭራውን እየቆላ፣ ጥቂት ቀን ቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሰው ላይ ምልክቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይሄዳል። ያኔ ቁስሉም ተረስቷል። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ብቻ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከ10ሩ 4ቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጆች ቡችላ ሲያዩ ፊታቸውን አስቀድመው ይጠጋሉ። ሲነከሱ ደግሞ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። ስለዚህ ልጁን አትቆጪው፤ ስለነገረሽ አመስግኚው።

ውሻ ብቻም አይደለም። ለሃጩን የሚያዝረከርክ ጥጃ አይተው፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው ክንዳቸውን እስከ ጉሮሮው የሚከቱ ሰዎች አሉ። ርኅራኄያቸው ይገባኛል። ግን ያ ጥጃ በዚሁ በሽታ ተይዞ መዋጥ አቅቶት ሊሆን ይችላል። እጅ ይሰብሰብ! ሐኪም ይጠራ።

ሜዳ ላይ ብቻውን የተኛ የድኩላ ግልገል አገኘሁ። ላሳድገው?

አይሆንም። እናቱ ደብቃው ለግጦሽ ሄዳ ነው፤ ትመለሳለች። ከተጎዳ ለዱር እንስሳት ባለሙያ ደውል።

ኢንተርኔት ላይ ያየኋት ዓይነ ትልቅ እንስሳ ሲኮረኩሯት እጆቿን ታነሳለች። ደስ ብሏት ነው?

ስሎው ሎሪስ ናት፤ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ የሌሊት እንስሳ። እጇን የምታነሳው ስትፈራ ነው። ክርኗ አጠገብ ያለውን ዕጢ ልሳ ከምራቋ ጋር ስታዋህደው ንክሻዋ መርዝ ይሆናል። ሰው «ስታምር!» እያለ ይስቃል፣ እሷ ልትነክስ እየተዘጋጀች ነው። ቪዲዮውን ለሌላ ባታጋሩትም ደስ ይለኛል።

ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ቡችላ አለኝ። ሲተኛ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል፣ ሲያስቅ! እስኪያድግ ነው?

ያን ፊት ሰው ሕፃን እንዲመስልለት ሲያዳቅል ያመጣው ነው። አፍንጫው ሲያጥር የአየር መተላለፊያውም ጠበበ። ማንኮራፋቱ የመተንፈስ ችግር ሊሆን ይችላል። ሙቀት ላይ አታሩጪው፣ አታወፍሪው። የቀረውን በስልክ አልነግርሽም፤ በአቅራቢያሽ ላለ የእንስሳት ሐኪም አሳዪው።